ሳሎን ውስጥ የወረደ ሞተር

ፊት ለፊቴ የምትኖረውን ሴት ስሟን አላውቅም። የማውቀው፣ ባሏ ሲሞት ወንድሙ ከሁለቱ የጭነት መኪናዎቹ ደህናውን ነድቶ ሄዶ፣ ሞተሩ ነክሶ የቆመውን አሮጌውን ለእሷ መተዉን ነው። "ይኼኛው ለዶሮ ማደሪያ ይሆንሻል" ሲላት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

የመካኒክ ልጅ ናት አሉ። ሞተሩን በሰንሰለት አውርዳ ሳሎኗ አስገባችው። ፒስተኖቹን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ በናፍጣ ታጥባለች፤ የፈታችውን ብሎን ሁሉ ከየት እንደወጣ ጽፋ ካርቶን ላይ ትሰካለች። የምትለብሰው የባሏን ቱታ ነው፤ እጅጌው ሦስቴ ተጠቅልሎም ይረዝማታል።

አንድ ቀን "አይደክምሽም?" ብላት፣ ዓይኗን ከመፍቻው ሳታነሳ "ቂም ያለበት ሰው ምን ድካም ያውቃል እህቴ" አለችኝ።

በአምስተኛው ወር መኪናው ላይ መልሳ የገጠመችው ሞተር ተነሣ። ያኔም አልሳቀችም። ፊቷን ታጥባ፣ መንገዱ ጫፍ ወዳለው የባሏ ወንድም ቤት ነድታ በሩ ላይ ጥሩንባ ነፋች። ሰውየው በነጠላ ጫማ ሮጦ ወጣ።

"ማን ሠራልሽ?"

"እኔው። ጭነት የምታመላልስላቸውን ነጋዴዎችም አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ጭነቱን የማነሳው እኔ ነኝ።"

"ኧረ እኔ እኮ ያን ጊዜ ቀልዴን ነበር!"

"እኔ ግን የምሬን ነው" አለችና ማርሽ አስገባች።