የቲማቲሙ ውሃ

የረጠበ የቲማቲም ቅጠል ሲሸተኝ ነጌሌ፣ አያቴ ጓሮ እገባለሁ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ውሃ የምናገኘው በአህያ ጋሪ ነበር። አያቴ ግን ለእኔና ለእህቴ በጣሳ እየቀዱ፣ "ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን አጠጡ፣ ልጆቼ" ይሉን ነበር። አንድ ቀን አንዲት የቦረና ሴት ባዶ ጀሪካን ይዛ አጥራችን ጋ ቆመች።

"ናጋ? ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና?"

አያቴ ለሁሉም "ናጋ፣ ሰላም ነው" እያሉ መለሱ። እርጥቡን የቲማቲም መደብ አየችና፣ "አትክልቱስ ደህና?" አለች።

አያቴ የቀረውን ውሃ ጀሪካኗ ውስጥ ገለበጡላት፤ መርቃቸው ሄደች። እኛ ለችግኞቻችን አለቀስን።

"አልቅሱ" አሉ አያቴ። "እኔም ከሴትየዋ ይልቅ ያዘንኩት ለቲማቲሙ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።"

ዛሬም ውሃ ሲጠፋ፣ ከጎረቤቶቼ በፊት የማስበው የአትክልት መደቤን ነው።