ሽመላዎቹን የሰለለው ካድሬ

በደርግ ጊዜ በሱዳን ድንበር ገለጉ የተመደብሁ የሳይንስ አስተማሪ ነበርሁ። መጋቢት ሲገባ ሙቀቱ ተማሪውንም አስተማሪውንም ያፈዝዛል፤ እኔን ግን የሚያነቃኝ ነገር ነበረኝ። ሽመላዎች ከሱዳን ወደ ሰሜን ሲመለሱ ዛሬ ፓርክ ሆኖ በተከለለው የአላጥሽ ዱር ዳር ያርፋሉ። የሰሊጥ ገለባ በተቃጠለበት ማሳ ላይ በቀይ እግራቸው እየተንጎራደዱ ፌንጣ ይለቅማሉ። ከመተማ ገበያ ከአንድ ሱዳናዊ የገዛሁትን የሩቅ ማያ መነጽር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት አከራዬ ጋር ሄጄ አያቸዋለሁ።

አከራዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ፊታቸው ላየው ሰው የዋህ ነው፤ በዚያ ፊት የሚዋሹትን ውሸት ግን የሚያህለው የለም።

አንድ ቅዳሜ ማሳው ጫፍ እንደተቀመጥን የወረዳው ካድሬ ከኋላችን መጣ። ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ሁልጊዜ እየተጣደፈ የሚራመድ ወጣት ነው።

«ጓድ መምህርት፣ በዚህ መነጽር ምንድን ነው የምትመለከቺው?»

«ሽመላ።»

«ሽመላ በባዶ ዓይን አይታይም? ድንበሩ እኮ ቅርብ ነው!» ብሎ መነጽሬን ከአንገቴ አወለቀው።

በዚያ ዘመን ድንበር አካባቢ በመነጽር ማየት ቀልድ አልነበረም። አከራዬ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልክ ነህ ልጄ። እኔም ስጠረጥር ነው የኖርሁ።»

«መምህርቷን?»

«ኧረ ወፎቹን! ከፈረንጅ አገር ነው የሚመጡት። አንዷ እግሯ ላይ የብረት ቀለበት አለ፤ ቀለበቱም ጽሕፈት አለበት ይባላል። እሷን ስትፈልግ ነው መምህርቷ እዚህ ፀሐይ ላይ የምትጠበሰው።»

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነክሼ አንገቴን ደፋሁ፤ እሱ ግን ምስጢር የወጣብኝ መስሎታል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማስረጃ ሳልይዝ?» አልሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ወደ እሱ ዞረ። እሱ መነጽሩን ይዞ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ከኋላው የግራር ጥላ ሥር አረፍ ብለን ትእዛዝ እንሰጣለን። «ያቺ በስተግራ ያለችው አረማመዷ አላማረኝም» ይላሉ አከራዬ። እሱ ወደ ግራ ይዞራል። እኔ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ በሳቅ እንፈራፈራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ካድሬው ጮኸ። «አለ! ቀለበቱ አለ!»

አከራዬ ብድግ አሉ። «የምን ቀለበት?» አሉ፣ የራሳቸውን ወሬ ረስተው።

መነጽሩን ተቀብዬ አየሁ። እውነትም የአንዷ ሽመላ እግር ላይ ፈረንጆች ለጥናት የሚያስሩት ዓይነት የብረት ቀለበት ያብለጨልጫል። ውሸታችን ፊታችን እየተንጎራደደ ፌንጣ ይለቅማል። አሁን ሪፖርት ቢጻፍ የምንጠየቀው እኛ አይደለን?

ካድሬው ግን ሪፖርትም አልታየው። በደረቱ እየተሳበ ወፏን ሊይዝ ወደ ማሳው ገባ። ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ሽመላዎቹ በአንድ ጊዜ ተነሡ። ሙቁ አየር ተቀበላቸው፤ ክንፋቸውን ሳያራግቡ እየዞሩ፣ እየዞሩ ወጡ። እሱ በጥላሸት ጠቁሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ ነጥብ ሆነው እስኪጠፉ ድረስ ቆሞ አያቸው።

አከራዬ አጠገቡ ደርሰው ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። «የይለፍ ወረቀት እንኳ ሳይዙ ሄዱ።»

ካድሬው ዞር ብሎ አስተዋላቸው። ያን ጊዜ ነገሩ እንደገባው ከዓይኑ አየሁ። ከዚያ ድንገት ሳቀ፤ በጠቆረው ፊቱ ላይ ጥርሱ ብቻ ታየ።

«ለማን እናገራለሁ?» አለ። «አየኋት ብል፣ ለምን አመለጠችህ ሊሉኝ ነው።»

መነጽሬን ነገ እመልስልሻለሁ ብሎ ሁለት ሳምንት አቆየው። ሲያመጣልኝ ከስብሰባ ደብተሩ የተቀደደ ወረቀት አብሮ ሰጠኝ። «አረንጓዴ ወፍ። ጅራቷ ቀጭን። ንብ በአየር ላይ ትይዛለች። ስሟ ማን ነው?» ይላል።

አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ግን አሳፈረኝና እዚያው በቆምሁበት አንድ ስም ፈጠርሁላት። ካድሬው አመስግኖኝ በጥንቃቄ ጻፈው።