ግሌኒስ ምንም ቅሬታ የላትም

ኖርማን ትሬድጎልድ በየዓመቱ መስከረም ላይ ከጀልባ ኤግዚቢሽን ሲመለስ «ሁለተኛ እግሬ አይረግጠውም» ብሎ ይምላል። በየዓመቱም ነሐሴ ላይ ከማንም ቀድሞ ትኬቱን ይቆርጣል። የሳልትሃም ጀልባ ክበብ አባላት ይህን ስለምናውቅ በተመለሰ ማግስት ክበቡ ውስጥ ተሰብስበን እንጠብቀዋለን። የመኪና ማቆሚያው ክፍያ፣ የቋሊማው ዋጋ፣ የሰልፉ ርዝመት፣ ሁሉንም እየቆጠረ ሲራገም ማምሸት ለእኛ ከኤግዚቢሽኑ የበለጠ ኤግዚቢሽን ነው፤ ያውም በነጻ።

ኖርማን ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሜሪጎልድ የምትባል ትንሽ ባለሸራ ጀልባ አለችው። የወንዙ አፍ ላይ ታስራ ባሕሩ ሲሞላ ትንሳፈፋለች፣ ሲጎድል ደግሞ ጭቃው ላይ በጎኗ ትተኛለች። ለሠላሳ ዓመት ያህል በየበጋው ቅዳሜና እሑድ ኖርማን መሪውን ይዞ፣ ሚስቱ ግሌኒስ ብርድ ልብስ ተከናንባ አጠገቡ ተቀምጣ ሲሄዱ አይተናቸዋል። ሲመለሱ አንዳችን «እንዴት ነበር ግሌኒስ?» እንላታለን። እሷም ፈገግ ብላ «በጣም ደስ ይላል፣ አመሰግናለሁ» ትላለች።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁልጊዜ ያናድደኛል። እኛ ዘንድ ቅሬታ ለሚመለከተው ሰው አይነገርም፤ የሚነገረው ለጎረቤት ነው። አንድ ጊዜ ከእነ ኖርማን ጋር ምግብ ቤት ገብተን ለሱ የመጣለት ዓሣ ውስጡ ጥሬ ነበር። አስተናጋጇ መጥታ «ምግቡ እንዴት ነው?» ስትለው «ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ» አላት። ጉርሻም ትቶላት ወጣ። ከዚያ እስከ ቤታችን ድረስ ስለዚያ ዓሣ ያልተባለ ነገር የለም። ሰው እግራችንን ሲረግጠን እንኳ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን።

ያለፈው ክረምት የግሌኒስ ታላቅ እህት ዊኒፍሬድ ሞተችና ደህና ገንዘብ ተወችላት። ኖርማን አንድ ሌሊት እንኳ አላሰበበትም። ትልቅ ጀልባ ይገዛል፤ ማሞቂያ ያለው፣ በሩ በትክክል የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ያለው። ስሙንም «ግሌኒስ» ብሎ በወርቃማ ቀለም ያጽፋል። ቤታቸውን እያከራዩ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባሕር ላይ ይኖራሉ። ይህን ሲነግራት ግሌኒስ ሹራብ እየሠራች ነበር። «በጣም ደስ ይላል» አለችው።

ሰፈሩ በሙሉ ግን ግሌኒስ የምትፈልገውን ያውቃል። የምትፈልገው ከጓሮ በኩል ከቤቱ ጋር የተያያዘች፣ ዙሪያዋን መስታወት የሆነች ክፍል ነበር። በብርድ ወራት ፀሐይ እየሞቀች ሹራቧን የምትሠራባት፣ ቲማቲሟን የምታበቅልባት። ለባሏም ነግራዋለች። «የእነ ሃርግሪቭ የመስታወት ክፍል ደስ አትልም?» ብላዋለች። በእኛ አገር ሚስት እንዲህ ካለች ጠረጴዛ ደብድባ ጮኸች ማለት ነው። ኖርማን ግን «ዝናብ ታስገባለች» ብሎ የጀልባ መጽሔቱን ገጽ ገለጠ።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ግሌኒስ ጉልበቷን ስላመማት በእኔ መኪና ወሰድኳቸው። ኖርማን ገና ከዋናው መንገድ ሳንወጣ ጀመረ።

«ማቆሚያው ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። «መኪናህን ልታቆም ነው እንጂ ልትሸጥላቸው አይደለም!»

«ዘንድሮ አልሄድም ብለህ ምለህ ነበር እኮ» አልኩት።

«የዘንድሮው ለቁም ነገር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቀጠሮ አለን። ዛሬ ቀብድ እከፍላለሁ። አይደለም ግሌኒስ?»

«አዎ ውዴ» አለች ግሌኒስ ከኋላ። ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው።

ማቆሚያ የተባለው ጭቃ የሆነ የከብት ሜዳ ነበር። ከዚያ በአውቶቡስ ወሰዱን። ኖርማን የሾፌሩን ማርሽ አቀያየር እያየ ጥርሱን ሲነክስ ቆየ፤ ሲወርድ ግን «ጎበዝ፣ ግሩም ነዳህ» አለው። በሩ ላይ ዝናብ ውስጥ ተሰለፍን። ገባን። ከገባን በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ጀልባ የሚባል አላየንም። መጥበሻ የሚሸጥ አለ፣ ባርኔጣ የሚሸጥ አለ፣ ጀርባ የሚያሽ ወንበር የሚሸጥ አለ፤ አንዱማ የቀብር መድን ሊሸጥልን ነበር። ጀልባዎቹ ወዲያ ማዶ በገመድ ታጥረው ቆመዋል። ትልልቆቹ ፊት ጫማቸው የሚያብረቀርቅ ሻጮች ቆመው የሰውን ኮት ከላይ እስከ ታች ያያሉ።

«በቀጠሮ ነው?» አለው አንዱ ኖርማንን።

«ኧረ አይደለም፣ የእኔ ቀጠሮ ሌላ ጋ ነው፣ ዝም ብዬ...»

«እንግዲያው ከዚያ ማዶ ሆነው ማየት ይችላሉ።»

«በጣም አመሰግናለሁ» አለ ኖርማን። ዞር ብሎ ለእኔ «ከዚያ ማዶማ ቤቴም ሆኜ አየዋለሁ!» አለኝ።

አግዳሚ ወንበር አገኘንና ግሌኒስ ከቤት ያመጣችውን የእንቁላል ሳንድዊች ፈታች። ገና ሁለት ጊዜ ሳንጎርስ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ወንበሩ ለድርጅቱ ደንበኞች ብቻ መሆኑን በትሕትና ነገረን። ሦስታችንም እኩል «ይቅርታ!» ብለን ተነሳን። ሳንድዊቻችንን በዝናብ ቆመን ጨረስን። ከዚያ ኖርማን ሁለት ሻይ ገዝቶ መጣ። የከፈለውን ሲነግረን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግሌኒስ አንድ ጊዜ ፉት ብላ ቀሪውን ሰው ያላያት መስሏት አበባ መትከያ ውስጥ ደፋችው።

ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ኖርማን የልብ ጀልባ ሄድን። ሻጩ ጃስፐር የሚባል ወጣት ነው፤ ፀጉሩ በዚያ ሁሉ ዝናብ አልረጠበም። በጀልባ ደንብ ጫማ አውልቆ መግባት ግዴታ ነው፤ ወለሉ እንዳይቧጨር። አወለቅን። የኖርማን አውራ ጣት ካልሲውን ቀድዳ ወጥታ ጃስፐርን ፊት ለፊት አየችው። ግሌኒስ ጉልበቷ አልታጠፍ ስላላት እኔ ነኝ ያወለቅኩላት። ወለሉ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ገና አንድ እርምጃ ስትራመድ ካልሲዋ በሰበሰ።

ውስጡ ያምራል፤ አልዋሽም። ግን እንደ ሥጋ ማቀዝቀዣ ይበርዳል።

«ማሞቂያውስ?» አለ ኖርማን።

«ማሞቂያው በተጨማሪ ክፍያ ነው» አለ ጃስፐር። «አልጋውም እንደዚሁ። ሸራውም እንደዚሁ።»

«ሸራውም?»

«አብዛኞቹ ደንበኞቻችን የራሳቸው ምርጫ አላቸው።»

ኖርማን አልሰማውም ማለት ይቻላል። የመጸዳጃ ቤቱን በር እየከፈተ ይዘጋል፣ እየዘጋ ይከፍታል። ፊቱ የልጅ ፊት ሆኗል። «እይ ግሌኒስ፣ ይዘጋል! እንዴት ነው?»

«በጣም ደስ ይላል» አለች ግሌኒስ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

ጃስፐር ውሉን ሊያዘጋጅ ወደ ድንኳኑ ገባ። ኖርማን «ይሄማ ሻይ ይገባዋል፣ ኪሴ ባዶ ይቅር!» ብሎ እየፈጠነ ሄደ። በደስታ ቀን እንኳ ያንኑ ሻይ ነው የገዛው። ግሌኒስ ጫማ ማውለቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እርጥብ ካልሲዋን እየጨመቀች እግሯን ታሻሻለች። በዚህ መሀል የኤግዚቢሽኑን ካባ የለበሰች፣ የጎብኚዎችን አስተያየት የምትሰበስብ አንዲት ደስተኛ ልጅ መጣች።

«እማማ፣ ቀንዎ እንዴት ነበር?» አለቻት።

«በጣም ደስ ይላል፣ አመሰግናለሁ።»

«የመግቢያው ዋጋስ?»

«ተመጣጣኝ ነው።»

«ምግብና መጠጡስ?»

«ሻዩ ግሩም ነበር።»

ኖርማን ሁለት ብርጭቆ ይዞ ከኋላ ደርሷል። በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ስማት እንዴት እንደምትዋሽ!» አለኝ በሹክሹክታ፤ ኮርቶባታል። «ሻዩን አበባ አጠጥታበት እኮ ነው!»

«የሚቀጥለው ዓመት ይመለሳሉ?» አለች ልጅቱ።

«እንዴታ!» አለች ግሌኒስ። ፈገግም አለች።

ኖርማን ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር። ሳቁ ግን አልወጣም። ያችን ከአንገት በላይ የሆነች ፈገግታ ሲያያት አየሁት። ያችኑ ፈገግታ ከዚያ በፊት የት እንዳያት ትዝ ሲለውም አየሁት። ሜሪጎልድ ላይ ነው፤ በየቅዳሜው፣ በየእሑዱ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ሻዩ እጁ ላይ ፈሰሰ።

ልጅቱ እያመሰገነች ሄደች። ኖርማን ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ግሌኒስ» አለ። «የእኛ ጀልባ ላይ እንዴት ነበር?»

«በጣም ደ...» ብላ ዓይኑን አየችው። አቆመች። እርጥቧን ካልሲ ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች።

«ይበርዳል ኖርማን» አለች።

«ሁልጊዜ?»

«ሐምሌ ላይ ቀነስ ይላል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ!»

«ምን ብዬ ልንገርህ? አንተ እንደዚያ ደስ ብሎህ!»

እኔ የማደርገው ሲጠፋኝ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ጃስፐር ውሉንና ብዕሩን ይዞ እየሳቀ ብቅ አለ። ኖርማን ብድግ ብሎ እጁን ጨበጠው።

«በጣም ቆንጆ ጀልባ ናት፣ አመሰግናለሁ» አለው። «እናስብበታለን።»

በእኛ አገር «እናስብበታለን» የሚለው ቃል ትርጉሙ የማይገባው ሻጭ የለም። ጃስፐር ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። ኖርማን ቅስሙ ተሰብሯል፤ ስለ ማቆሚያው ክፍያ እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እንዲህ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ። መንገዱን ስናጋምስ ከኋላ የግሌኒስ ድምፅ መጣ።

«ሻዩ» አለች፣ «የሳህን እጣቢ ነው።»

ኖርማን ዞር አለ።

«ያ ጃስፐርም» አለች፣ «ሸራ የሌለው ባለሸራ ጀልባ ሊሸጥልህ! ነገ ደግሞ ጎማ የሌለው አውቶቡስ ግዛ ይልሃል። ወንበሩንም ለምን ተነሳን? ጉልበቴ በሽተኛ ነው፣ አልነሳም ማለት ነበረብኝ!» ፊቷ ቀልቷል። እስከ ሳልትሃም ድረስ አላቆመችም። ኖርማን እንባው እስኪመጣ እየሳቀ «ወይኔ ግሌኒስ! ወይኔ!» ይላል። በማግስቱ ክበብ ተሰብስበን ብንጠብቀው ሳይመጣ ቀረ።

የመስታወቷ ክፍል ለፋሲካ ደረሰች። ኖርማን የዚያን ሁሉ ዓመት ብርድ በአንድ ወቅት ሊክስ ቆርጦ ተነሳ። ሜሪጎልድን ሳይነካት ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦትም አለፈ። ጀልባዋ ባሕሩ ሲሞላ ተንሳፍፋ፣ ሲጎድል ተኝታ ትውላለች። እሱ ክፍሏ ውስጥ ከግሌኒስ ጎን ተቀምጦ ቲማቲም ይቆጥራል። አንድ የሰኔ ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ፀሐይዋ ጣሪያውን አልፋ ትጋረፋለች። ኖርማን የሹራብ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ወደ ወንዙ ያያል።

«አዲሷ ክፍል እንዴት ናት?» አልኩት።

«በጣም ደስ ትላለች፣ አመሰግናለሁ» አለኝና ፈገግ አለ።

ግሌኒስ ሹራቧን አስቀመጠች። መነጽሯን አውልቃ አየችው።

«ኖርማን» አለች።

«አቤት።»

«ንገረኝ።»

ኖርማን መሬት መሬቱን አየ። «ይሞቃል ግሌኒስ» አለ። «እየተቀቀልኩ ነው።»

ግሌኒስ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ወንዙን የሚያየውን መስኮት ከፈተች። ከሩቅ ሜሪጎልድ ቀና ማለት ጀምራለች።

«ውሃው እየሞላ ነው» አለችው። «ሂድ።»

«ብቻዬን?»

«ብቻህን። እኔ እዚሁ ሙቀቴ ውስጥ ሆኜ አይሃለሁ። በጣም ደስ ይለኛል።»

ኖርማን ፊቷን ትክ ብሎ አየ፤ እኔም አየሁ። የአሁኑ ፈገግታዋ ከአንገት በላይ አልነበረም። ቆቡን አንስቶ ወጣ።