የዳነን ሰው ፍለጋ፦ ቡራዩና ሱሉልታ

ከቤት የወጣሁት በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሥነ ልቡና ሲሆን፣ የዕለት ሥራዬ በሆስፒታል ውስጥ መንፈሳቸው የታወከ ሰዎችን ተቀምጦ ማዳመጥ ነው። ስለዚህ ሥራ በአንድ የከተማ አዳራሽ ንግግር እንዳደርግ ተጠይቄ ስለ አንድ ታካሚዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ሲያልቅ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ሕዝብ ፊት የማነበው የሆነውን ነው ወይስ እንዲሆን የምመኘውን? የሰውን ሕመምስ ሳያስፈቅዱ አደባባይ ማውጣት ተገቢ ነውን? ይህን የሚመልሱልኝ ታካሚው ራሳቸው ብቻ ስለ ሆኑ ልፈልጋቸው ተነሣሁ።

ኦቦ ደበላ እላቸዋለሁ፤ እውነተኛ ስማቸው ይህ አይደለም። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ እህልም ንግግርም ትተው ልጆቻቸው ያመጧቸው ፈረስ ነጋዴ ነበሩ። የጽሑፌ እምብርት የሚከተለው ነው። ለብዙ ወራት ዝም ብለው ከርመው፣ አንድ ቀን እንደ አገራቸው ወግ «ሎን ነጋ?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ ከብቶችህስ ደኅና ናቸው ማለታቸው ነው። እኔ የኪራይ ቤት ነዋሪ፣ ዶሮ እንኳ የሌለኝ ሰው፣ «ደኅና ናቸው» ብዬ መለስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፋቸው ተፈታ። እኔ እንደማስታውሰው እንዲህ ነበር።

ቅዳሜ፣ ቡራዩ

በትዝታዬ አገራቸው ቡራዩ ነበር። ሃምሳ ሳንቲም ከፍዬ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጤፍ ሸጠው በሚመለሱ ገበሬዎችና በባዶ ስልቻዎቻቸው ተጨናንቆ ነበር። ከከተማው ስንወጣ ባሕር ዛፉ ግራና ቀኝ ጥላውን ጥሎብን፣ አቧራው በመስኮት እየገባብን ደረስን። የሆስፒታሉን ነገር ማንሣት ስለማልችል ፈረስ ገዢ መስዬ፣ ገበያው ዳር ጨው የሚሸጡ አንድ ሰው ዘንድ ቀርቤ ስለ ኦቦ ደበላ ጠየቅሁ።

ጨው ሻጩ ቁልቁል ጫማዬን አዩ። «ጌታዬ፣ በዚህ ጫማ ነው ፈረስ የሚጋለበው?»

አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ የምፈልጋቸው ሰው የሱሉልታ መሆናቸውን፣ ቡራዩም ይመጡ የነበረው ለገበያ ብቻ እንደ ሆነ ነገሩኝ። ስመለስ የመንገዱን ማማር አላየሁም። የአገራቸውን ስም የሳትኩ ሰው፣ ቃላቸውን በትክክል ይዣለሁ ብዬ እንዴት አዳራሽ ፊት እቆማለሁ?

እሑድ፣ ሱሉልታ

በማግስቱ አውቶቡሱ እንጦጦን ሲወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ነበር። ከጋራው ወዲያ የሱሉልታ ሜዳ ድንገት ተዘረጋ፤ የታጨደው ሣር ተከምሯል፣ ፈረሶች በቃርሚያው ላይ ተበትነዋል። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ቤቱን አሳዩኝ። የት በኩል እንደ ሆነ አልጽፍም።

ኦቦ ደበላ ከልጆቻቸው ጋር ድርቆሽ ይከምሩ ነበር። ወፍረዋል፤ ጢማቸው ነጥቷል። እኔ ስጠራጠር እሳቸው ወዲያው አወቁኝና መንሹን አስቀመጡ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ጠይቀው ወደ ቤት አስገቡኝ። ምራታቸው ጭኮና እርጎ አቀረበች። ብቻችንን ስንቀር የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ስለ ከብቶቹ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እንዲያ አላልክም። ‹ከብት የለኝም፣ ኦቦ› ነው ያልከኝ። አሳዘንከኝ። ይህን የሚያህል ጎልማሳ አንድ ጥጃ እንኳ የሌለው! ይህን ምስኪን ትንሽ ላጫውተው ብዬ ነው የጀመርኩት።»

እርግጠኛ መሆናቸውን ጠየቅኳቸው። «እኔ እንጃ፤ ያን ጊዜ እኮ በሽተኛው እኔ ነበርኩ» አሉና ሳቁ።

በሆስፒታል አብረን በተቀመጥንበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ንግግሩን ላድርግ ወይስ ልተው ስላቸው ሳቃቸው በረደ። እንደ እሳቸው ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ቤት ወሬው ቢደርስ መልካም ነው አሉ፤ ስማቸው ግን እንዳይነሣ። ይህ በቂዬ ነበር። ያም ሆኖ መነሣት አቃተኝና፣ አልፎ አልፎ እየመጣሁ ልጠይቅዎት ወይ አልኳቸው።

«ልጄ፣ ክፉ አልሠራህብኝም። ግን አንተን ሳይ ያ ክፍል ይመጣብኛል። ዛሬ ማታ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።»

እስከ መንገዱ ሸኙኝ፤ አውቶቡሱ እስኪመጣም እጄን ይዘው ቆሙ።

መልስ

እንጦጦን ስንወርድ ከተማው መብራት አብርቶ ነበር። የሄድኩት ለፈቃድና ለማረጋገጥ ነው ብያለሁ፤ እውነቱ ግን ናፍቀውኝ ነበር። በእኛ ሙያ የዳነ ሰው ተመልሶ አይመጣም፤ እንዳይመጣም ነው የምንደክመው። ይህን ከመጻሕፍት አውቀው ነበር። መናፈቁን ግን ማንም አላስተማረኝም።

ቤቴ ገብቼ ጽሑፉን አወጣሁ። የእኔን ትዝታ ሳልሰርዝ የእሳቸውን ከጎኑ ጻፍኩ፤ የትኛው እውነት እንደ ሆነ አለማወቄንም ጨመርኩ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ቢሆንም አነበዋለሁ። ከአድማጮቹ መካከል ዓይኔ የማንን ፊት እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ እንደማያገኘውም አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት እሳቸው ሱሉልታ፣ ከባድ እንቅልፍ ወስዷቸው ቢሆን እወዳለሁ።