ከገበያው በታች ያለው ወንዝ

ባለቤቴ ባረፈ በዓመቱ፣ ሞላሌ ከተማ ከገበያው በታች የሚወርደውን ወንዝ እንድጠብቅ ተቀጠርኩ። ያኔ ወንዝ ከተባለ ነው። ክረምት ላይ ደፍርሶ ይሞላል፤ ከጥር ወዲያ ግን የሚወርድበት ቆሻሻ ብቻ ነበር። ፌስታሉም፣ የእርድ ትራፊውም፣ የጠላ አተላውም እዚያው ይደፋል። የከተማው ሰው በዘመቻ ወጥቶ ጠረገው፤ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ካበ፤ ኮሶና ወይራ ተከለ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እኔ ዱላና ጃንጥላ ይዤ ቀረሁ።

ሥራዬ ሰው መከልከል ነበር። በግ የሚነዳውን አይሆንም፣ ቆሻሻ የተሸከመችውን መልሺ ማለት። ሰው መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣኝ፣ በኋላ ሰላምታ ነሳኝ። ጠዋት ወጥቼ ማታ እስክገባ እግዜር ይመስገን የምለው ሰው የማላገኝበት ቀን ብዙ ነበር።

ከሁሉም የባሰብኝ የጎረቤቴ ነው። ጠላ ሻጭ ናት። አብረን አድገናል፤ ባለቤቴ ሲሞት አርባው እስኪወጣ እኔ ዘንድ ያደረችው እሷ ነች። አንድ ጠዋት አተላ በባልዲ ይዛ ወረደች።

"እዚህ አይደፋም፣ እህቴ" አልኳት። "ከላይ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ነይ ላሳይሽ።"

"ለኔም ነው?"

"ለሁሉም ነው።"

ባልዲውን አስቀምጣ አየችኝ። "ካንቺ ጋር መሬት ላይ ስተኛ እንዲህ አላልሽኝም" አለች። ከዚያ ባልዲዋን አንስታ ተመለሰች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጃፌን አልረገጠችም። ማኅበር ላይ አጠገቧ ስቀመጥ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ሌላዋ ትዞራለች። እኔም መሄድ ተውኩ።

ኅዳር ላይ ውርጩ ጠና። ማታ ማታ ችግኞቹን የገብስ ጭድ አለብሳለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ እንድታገኛቸው እገልጥላቸዋለሁ። በዚያ ሰሞን ነው ማውራት የጀመርኩት። "አንተ ደህና አደርክ፣ አንቺ ምን ሆንሽ" እላቸዋለሁ፤ ሰው ሲያልፍ ዝም እላለሁ። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹን ውርጭ መታብኝ። ክረምት ሲገባ በዘመቻ ደግመን ተከልን።

በዚያው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ እናቷን ወደ ደብረ ብርሃን ወሰደቻት። ዕቃዋ አይሱዙ ላይ ሲጫን ከወንዙ ዳር ቆሜ አየሁ። ልሂድ፣ ልቅር ስል መኪናው ተነሳ።

አሁን ውሃው በበጋም አይቋረጥም። ሣሩ አድጎ ሰው በተራ እያጨደ ይወስዳል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካቡ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ሳልፍ "እንዴት ዋልሽ" ይሉኛል። እግዜር ይመስገን ብዬ አልፋለሁ። ተቀመጪ የሚለኝም አለ፤ ግን ሳልለምደው ቀርቼ ይሁን ምን፣ ብዙ አልቆይም።

ለፋሲካ የጎረቤቴን ስልክ ቁጥር ከዘመዷ ተቀብዬ ደወልኩላት።

"እንኳን አደረሰሽ፤ እኔ ነኝ" አልኳት።

"እንኳን አብሮ አደረሰን። ውሃው ጠራ አሉ።"

"ጠርቷል። ሥሩ ያለው ድንጋይ ይታያል።"

"ጥሩ ነው።"

"ጠላ ትጠምቂያለሽ?"

"እዚህ ለማን ብዬ" አለች።

"በይ ደህና ሁኚ" ብላ ዘጋችው። መጥተሽ እይው ልላት ነበር፤ ከአፌ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እኔም አልደወልኩም፣ እሷም አልደወለችም።