ከድሬዳዋ የሚመጡ ግሶች

እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ግስ አልወድም ነበር። አዲሱ የሴቶች ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ተብሎ አራዳ ሲንጫጫ፣ እኔ ዳዊት ደግሜ ጨርሼ ቤት ውስጥ ፈትል እፈትል ነበር። ለመግባት ፈተና አለ ተባለ። መምህሩ አንድ ግስ ሲጠራ፣ በትርጉም የሚመስለውን ሌላ ግስ መጻፍ ነው። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ፤ የወደቀች ሁለተኛ አትጠራም።

እናቴ ፊደል አትለይም። አራዳ ገበያ ጥጥና ክር ትሸጥ ነበር። "እኔ ያላየሁትን እሷ ካላየች ምኑን ወለድኳት?" ትል ነበር። የሚያስጠናኝ ወንድሜ ነው፤ ወንድምጋሼ እለው ነበር። ድሬዳዋ ጉምሩክ ጸሐፊ ሆኖ ገብቶ በየሳምንቱ በባቡር ደብዳቤ ይልክልኛል። ሰላምታው አንድ መስመር፣ ከዚያ አሥር ግስ። እኔ በየጎኑ አቻውን ጽፌ እመልሳለሁ።

ደግሞ ነገር ሳይጨምርበት አይልክም! "ሸሸ" ብሎ ይጽፍና "የጎረቤቱ ውሻ ሲነሳብሽ ያደረግሽውን አስቢ" ይላል። እኔ "ፈረጠጠ" ብዬ እመልሳለሁ። "ዋሸ" ይልና "ማሩን ማን ላሰው ብዬ የጠየቅኩሽ ቀን" ብሎ ይጨምርበታል። "ቀጠፈ" ብዬ እጽፋለሁ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ። ለእናቴ ሳነብላት እሷም ትስቃለች።

ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ወንድሜ እዚያው ድሬዳዋ በንዳድ ሞተ።

እኔ አልሰማሁም። መርዶ እኛ ዘንድ እንዲሁ በመንገድ አይነገርም። ቀን ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሰሚው አቅም እንዲኖረው ይታሰባል፤ ከዚያ በማለዳ ተሂዶ ይነገራል። እናቴን ጎረቤት ቤት ወስደው ነገሯት። የእኔ ግን ፈተናው እስኪያልፍ ይቆይ ብላ የለመነችው እሷው ራሷ ናት። "አሁን ከሰማች ብዕር አትጨብጥም። ሁለት ልጅ በአንድ ቀን አታሳጡኝ" አለች አሉ። ሠፈሩ በሙሉ ዝም አለ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

ችግሩ ደብዳቤው ነበር። ግሱ ከቀረ እጠይቃለሁ፤ እኔ ደግሞ አንዴ ከጠየቅኩ አልለቅም። እናቴ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ጥላ ዘርግተው ለሰው አቤቱታ ወደሚጽፉት ሽማግሌ ሄደች። "አባቴ፣ በልጄ ስም በየሳምንቱ አሥር ግስ ይጻፉልኝ" አለቻቸው። ሽማግሌው እሺ አሉ። የመጀመሪያው ደብዳቤ "እጄ ስለ ቆሰለ በጓደኛዬ እጅ አስጽፌ፣ በመንገደኛ ልኬልሻለሁ" ይላል። አመንኩ። ለምን አላምን?

ግን ምን ዓይነት ግስ! ምስኪን ሰውዬ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አቤቱታ ሲጽፉ ኖረው ሌላ ከየት ያምጡ? አመለከተ፣ ተማጸነ፣ ከሰሰ፣ በየነ፣ ካደ። ውሻ የለ፣ ማር የለ። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ይሞላል፤ እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ደኅና ነኝ ይላል ደግሞ።

"ይኼ ልጅ ሹመት አገኘ እንዴ?" አልኳት እናቴን።

"ሥራ በዝቶበት ይሆናል" አለች፣ ከምታባዝተው ጥጥ ቀና ሳትል።

"ኧረ ወዲያ! ለእህቱ ነው ለዳኛ የሚጽፈው?" ብዬ ብዕሬን አነሳሁ። "ኩራት መጥቶብሃል። እንዲህ ከሆንክስ ጭራሽ ባትጽፍልኝ ይሻላል" ብዬ ጻፍኩለት። አፈር በበላሁ! ጽፌም አልቀረሁ፣ ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ጥጡን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ በመቀነቷ ቋጥራ ወጣች።

በሳምንቱ መልስ መጣ። "እህቴ ሆይ፣ ስላስቀየምኩሽ ይቅርታ እጠይቃለሁ" ይላል። ወንድሜ በሕይወቱ ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም። "እሰይ፣ ገባው!" አልኩ። ከግሶቹም መካከል "ሳቀ" የሚል አለበት፤ አጠገቡ ስለ አንዲት በቅሎ አንዳች ቀልድ ተጽፏል። ሽማግሌው ምን ያህል እንደተጨነቁበት የገባኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቀልዱ አላሳቀኝም፤ ግን ታርቀናል ለማለት ያህል "ገለፈጠ" ብዬ መለስኩ።

የእናቴ ዓይን ቀልቶ አያለሁ። አሞኝ ነው ትላለች። ጊዮርጊስ ልሳለም ብላ ወጥታ፣ ጎረቤት ቤት አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ እንደምትመለስ በምን ልወቅ? ጥቁር አልለበሰች፣ ጠጉሯን አልተላጨች። አንድ እሁድ ቄሶች መጡ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ዳቦ ተቆረሰ። "የጽዋ ማኅበር ተራችን መች ደረሰ?" ብዬ ጠየቅኩ። "ተለዋውጠን ነው፣ የእኔ እናት" አለችኝ አንዲት ጎረቤታችን። የወንድሜ የአርባ ቀን ተዝካር ነበር። ወጡ ጣፍጦኝ ጨምሩልኝ አልኩ። ጨመሩልኝ። እስክጨርስ ድረስ ማንም አላናገረኝም።

የፈተናው ቀን ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን ሄድን። እናቴ ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ቀረች። ኮትና ሱሪ የለበሰ መምህር ግሶቹን አንድ አንድ እያለ ጠራ። "ዋሸ" ሲል "ቀጠፈ" ብዬ ጻፍኩ። "ለመነ" ሲል "ተማጸነ"፣ "ፈረደ" ሲል "በየነ"። አጠገቤ ያለችው ልጅ ብዕሯን ነክሳ ጣራ ጣራውን ታያለች። መምህሩ ወረቀቴን እዚያው አይቶ "በየነ የሚለውን ማን አስተማረሽ?" አለኝ።

"ወንድሜ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ጎበዝ ወንድም አለሽ። ሰኞ ነይ" አለኝ።

እየሮጥኩ ወጣሁ። እናቴ የተውኳት ቦታ ላይ ቆማለች።

"ምን አሉሽ?"

"ሰኞ ነይ አሉኝ! ገባሁ!"

"ሌላ ፈተና የለም?"

"የለም።"

"የሚጻፍም የቀረ የለም? እርግጠኛ ነሽ?"

"ኧረ የለም አልኩሽ እኮ፣ እማዬ!" ተበሳጨሁ። እንኳን ደስ ያለሽ እንኳ አላለችኝም።

ጎረቤቶቹ መርዶውን በማግሥቱ ማለዳ መጥተው ሊነግሩኝ ተስማምተው ነበር። እናቴ እስከዚያ አልቻለችም። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧ ላይ አሠረችና ደረቷን መታች። "ልጄን! ኧረ ልጄን!" ብላ ጮኸች።

"እዚሁ ነኝ እኮ፣ እማዬ" አልኳት። የደስታ መስሎኝ ነው። ሰው አየን ብዬ አፍሬ እጇን ይዤ ላስነሳት ታገልኩ። ጎመን ተሸክመው የሚያልፉ ሴቶች ሸክማቸውን አወረዱ፤ ምን ሆነሽ ሳይሉ አጠገቧ ተቀምጠው አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ። ያን ጊዜ እጇን ለቀቅኩ።

"ወንድምጋሼ ነው?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ጨርሰሻል አይደል?" አለችኝ። "አሁንማ ላልቅስ።"