በስልኩ ያልተመዘገበው አልጋ

አናጺው በሰፈሩ «ጋሽ ነገ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ እሱም አይከፋበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጣውላ ሲልግ እጁ አንድም ቀን አልዋሸም፤ ምላሱ እውነት የተናገረበት ቀን ግን ጥቂት ነው። የሠራው ቁም ሣጥን አይወላገድም፣ መሳቢያው አይነክስም፤ የሚደርሰው ግን ባለቤቱ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ማኖር ከለመደ በኋላ ነው። ሰዎች ይህን እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኔ ቀልድነቱ አይታየኝም። የሰው ቀን እንደ ሰው ንብረት ነው፤ ልዩነቱ፣ የተወሰደ ንብረት ሊመለስ ሲችል የተወሰደ ቀን አለመመለሱ ነው።

ሥራውን የሚያስኬደው በራሱ ሥርዓት ነበር። ትእዛዝ ሲቀበል የደንበኛውን ማንነትና የተስፋውን ቀን በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ ደንበኛው መጥቶ በተቆጣ ቁጥር ከጎኑ አንድ ጭረት ያሰምራል። አራት ጭረት የሞላለት ሥራ ይጀመርለታል። «ያላለቀሰ ልጅ አይጠባም» ይላል ሲጠየቅ። በዚህ ሕግ መሠረት ጨዋ ደንበኛ ከሁሉም ኋላ ይቀራል።

ዘመድ ግን ግድግዳው ላይ አይጻፍም። ታናሽ እህቱ አንድ ቀን ከሰዓት መጥታ አልጋ ስታዘው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አላወረደም። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የዳሌው መጋጠሚያ ስላለቀ ከወር በኋላ ሊቀየርለት ነበር። ሐኪሙ፣ ከሆስፒታል ሲወጣ ከጉልበቱ ዝቅ ባለ ነገር ላይ እንዳይቀመጥና እንዳይተኛ፣ አለዚያ አዲሱ መጋጠሚያ ሊወልቅ እንደሚችል አስጠንቅቋል። የቤታቸው አልጋ ደግሞ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ሃምሳ ሁለት ሴንቲሜትር» አለች እህቱ። «ራሴ ለክቼዋለሁ። አትጽፈውም፣ ወንድም ጋሼ?»

«ያንቺ ደግሞ ይጻፋል እንዴ? ልቤ ላይ ነው ያለው።»

ደስ ብሏት ሄደች። ማንም ሰው በዚያ መልስ ደስ ይለው ነበር።

በሳምንቱ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት መጣች። የመድኃኒት መደርደሪያ ካዘዘች አራተኛ ወሯን ይዛለች።

«መደርደሪያዬስ፣ ጋሼ?»

«ነገ ብቅ በይ፣ ልጄ።»

«ነገዎ እኮ ባለፈው ወር አልፏል። ዛሬ ጭረት ላስጨምር አልመጣሁም፤ ስልክዎን ይስጡኝ። መድኃኒት ላዝልዎት ነው።»

«በቀን ስንት ጊዜ የሚዋጥ?»

«ጧት አንዴ፣ ማታ አንዴ ይከፍቱታል። የጎንዮሽ ጉዳቱ እውነት ማናገሩ ነው።»

የጫነችለት መተግበሪያ የቀን መቁጠሪያውን፣ የማስታወሻ ደብተሩንና የሥራ ዝርዝሩን በአንድ ገጽ ያጣመረ ነው። ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ስለተያያዘ ሰው በአፉ የነገረውን ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ሥራ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቆ ይደለድላል፤ በሞላ ቀን ላይ ሌላ ቀጠሮ ሊሰጥ ሲል ያስጠነቅቃል። ግድግዳውን በፎቶ አንስታ ለመተግበሪያው ሰጠችው፤ አሥራ ሰባቱን ትእዛዝ አንብቦ፣ ጽሑፉ ያልታየውን እየጠየቀ በየቀናቸው ሰደራቸው። ጭረቶቹ ምን እንደሆኑም ጠየቀ። አናጺው ጥቂት አሰበና «ቆሻሻ ነው፣ ተወው» አለው። ይህ ለራሱ ካደረጋቸው ጥቂት መልካም ነገሮች አንዱ ይመስለኛል።

በመጨረሻ መተግበሪያው «ያልተመዘገበ ሌላ ሥራ አለ?» ሲል ጠየቀ።

አናጺው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘና «የለም» አለ።

አልዋሸም፤ የከፋውም ይህ ነው። የእህቱ አልጋ በእሱ ዘንድ ሥራ ሳይሆን ፍቅር ነበር፤ ፍቅር ደግሞ ቀን አይቆረጥለትም ብሎ ያምናል። ቀን ያልተቆረጠለት ፍቅር ምን እንደሚያደርስ ግን አስቦበት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ወር ሰፈሩ ግራ ተጋባ። ጋሽ ነገ «ማክሰኞ በአራት ሰዓት» ብሎ ማክሰኞ በአራት ሰዓት ቁም ሣጥን ተሸክሞ በር ያንኳኳ ጀመር። አንዱ ደንበኛ ገና ቦታ አላሰናዳሁም ብሎ መለሰው። የሻይ ቤቱ ባለቤት «ሰውዬው ሊሞት ነው መሰለኝ፣ ሥራውን እያጠናቀቀ ነው» እያለ አሳቀበት። እሱ ግን ምስጋና ጣመው። ጧት ተነሥቶ ስልኩን ያያል፤ ስልኩ ያለውን ያደርጋል፤ ያላለውን ማሰብ ተወ።

የእህቱ ባል ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በሦስተኛው ቀን አናጺው ብርቱካን ይዞ ሄዶ ጠየቀው። ከፍ ባለው የሆስፒታል አልጋ አጠገብ ቆሞ ስለ አዲሱ ሰዓት አክባሪነቱ አወራ። እህቱ ስለ አልጋው አላነሣችም፤ ወንድሟን እንደ ባዳ መወትወት ነውር መስሏታል። በማግስቱ አሮጌውን አልጋ ለሚፈልገው ሰጥታ ክፍሉን ጠረገች፤ አልጋው ሲመጣ እንድትከፍት ቁልፉን ለአስተማሪዋ ጎረቤቷ ትታ ወደ ሆስፒታል ተመለሰች።

ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ረፋዱ ላይ፣ ስልኩ «የዛሬው ሥራ ተጠናቅቋል» አለው። ገና እጁን ሳይታጠብ እህቱ ደወለች።

«ቤት ደርሰናል። ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋው የታለ?»

የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ የአናጺውን አፍ ቀደመው፦ «ነገ።»

እህቱ ስልኩን ዘጋች።

ሲደርስ ሾፌሩ በከፍተኛ የወጥ ቤት ወንበር ላይ፣ ሁለት ትራስ ተደርጎለት፣ ግራ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ታዟል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«ግባ፣ አማቼ» አለው። «ሾፌር ተቀምጦ ቢያድር ብርቅ አይደለም። መሪ ብቻ ነው የጎደለኝ።»

«ለጊዜው ጣውላ ደርድሬ አንድ ነገር ላበጅለት» አለ አናጺው ወደ እህቱ ዞሮ።

«ለጊዜው ያበጀህልኝ ጠረጴዛ ወጥ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንዱን እግሩን በካርቶን ነው የምደግፈው።»

«እቱ፣ ረስቼው እኮ አይደለም። ስልኩ—»

«ስልኩ ምን አደረገ?»

ስልኩ ምንም አላደረገም። ጠይቆት ነበር። አናጺው ይህን ሲረዳ ያቀረቀረ ይመስለኛል፤ እህቱ ግን ማቀርቀሩን አልጠበቀችም። አስተማሪዋ በሩ ላይ ቆማ የራሷ አልጋ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ እሷ ሶፋ ላይ እንደምትተኛ ተናግራ ነበርና፣ ሁለቱ ሴቶች ሾፌሩን በክራንቹ ደግፈው ይዘውት ወጡ። አልጋ ሠሪ ወንድም ያላት ሴት ታማሚ ባሏን በባዳ አልጋ አስተኛች።

ተመልሳ ስትመጣ ወንድሟ ባዶው ክፍል መሐል እንደቆመ ነው።

«ጻፈኝ» አለችው።

«ምን?»

«ስልኩን አውጣ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጻፈኝ። ሃምሳ ሁለት ሴንቲሜትር፣ ረቡዕ፣ አራት ሰዓት።»

«እህቴን እንደ ባዳ ልጻፍ?»

«ባዳዎችህ ዕቃቸው በቀኑ ይደርሳቸዋል።»

አፉን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ተናገረ። መተግበሪያው እስከ ረቡዕ ያሉት ቀናት በፋርማሲዋ መደርደሪያ የተያዙ መሆናቸውን ገልጾ የትኛው ይቅደም ሲል ጠየቀ። እህቱ እጇን አጣምራ ቆማለች። አናጺው ለፋርማሲስቷ ደወለ። ጣውላ ጠፋ፣ መብራት ሄደ፣ ረዳቱ ታመመ ሊል ይችል ነበር፤ ሁሉንም ከዚህ በፊት ብሏቸዋል። «የእህቴን ሥራ ሳልመዘግብ ቀርቼ ነው፤ ያንቺ ወደ ዓርብ ይለፍልኝ» አለ። ፋርማሲስቷ «እሺ» አለች። መድኃኒቱ መሥራት መጀመሩን ሳትረዳ አልቀረችም።

ረቡዕ በአራት ሰዓት አልጋው ገባ። ራስጌው ሜዳ ነው፤ ለጌጥ ጊዜ አልነበረም። እህቱ ሜትር አውጥታ በአራቱም ማዕዘን ለካች፤ ሃምሳ ሁለት። ሾፌሩን አመጡት። ተቀመጠ፤ ሁለቱም እግሮቹ ወለሉን ሙሉ በሙሉ ረገጡ፤ ሳያቃስት ጋደም አለ።

አናጺው መዶሻውን ይዞ ቆመ። ሁልጊዜ በዚህ ቤት ሥራ ሲጨርስ የሚቀመጥበት ወንበር ነበረው፤ ዛሬ ማንም ተቀመጥ አላለውም።

«ቀጥሎ ያለው ደንበኛ እንዳይጠብቅህ» አለች እህቱ፣ አንሶላውን እያነጠፈች።

መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ።